ዚፑ ካልዘጋ ቀሚሱን እናስፋው

እህቶቼ፣ ተናገሪ ስባል «እኔ ከአሥረኛ ክፍል ያቆምኩ የቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ምን አውቄ?» ብዬ ነበር። ባለፈው እሁድ ግን ቡና ላይ የምትጫወቱትን ሰማሁና የምናገረው አገኘሁ። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከሉ ያሉት እሁዶች ጥቂት ናቸው፣ ሰርጉ ሁሉ እዚያ ላይ ይደራረባል። ስለዚህ ወሬው «ስንት ኪሎ ቀነስሽ?» «ፊትሽ በምን ጠራ?» ሆኗል። እኔ በምን እንደቀነስኩ ልንገራችሁ።

ካቻምና አንዲት ጓደኛዬ ሚዜ ሁኚልኝ አለችኝ። የሚዜዎቹ ቀሚስ ተገዝቶ መጣ፣ የእኔ ዚፕ ግን አልዘጋ አለ። ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል። ገበያ ወጥቼ የሚያከሳ ኪኒንና የሚያቀላ ቅባት ገዛሁ። ኪኒኑ ምግብ አስጠላኝ፤ በሦስት ሳምንት 5 ኪሎ ወረድኩ። ሁላችሁም «አማረብሽ» አላችሁኝ። ሌሊት ግን እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤ ይመታል፣ አፌ ይደርቃል። አንድ ሐሙስ የሚስተርን ሸሚዝ ስተኩስ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ወለል ላይ ነኝ፣ ካውያው ክንዴ ላይ። ጠባሳው ይኸው። ማዳም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እርጉዝ ነሽ?» ብላ ነው። ወደ ቢሮ ልትመልሰኝ ስልክ አንሥታ ነበር። ለአንድ ዚፕ ብዬ ለእናቴ የምልከውን ብር ላጣ ነበር።

ቅባቱም መጀመሪያ ፊቴን አበራው። ከዚያ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ፀሐዩ ያቃጥለኝ ጀመር። ሰርጉ ሲደርስ ጉንጬ ከድሮው የባሰ ጠቁሮ ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ቆምኩ። የጓደኛዬ የሰርግ ፎቶ ላይ ፊቴ አይታይም።

በኋላ የተማርኩትን ያዙልኝ። በሚያከሳ ኪኒን፣ ሻይና ቡና ውስጥ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ብዙ ጊዜ ተደብቆ ተገኝቷል። ልብን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ የወጣ ነው። ማሸጊያው «ከቅጠል የተሠራ» ስላለ አትመኑት። በቅባት ላይ ደግሞ ሦስት ስም አስታውሱ፤ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን፣ ክሎቤታሶል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ በእጃችንና በፎጣው ወደምንይዘው ሕፃንም ያልፋል። ሃይድሮኪኖን ብዙ ጊዜ ከተቀቡት ቆዳን መልሶ ሊያጠቁር ይችላል። ክሎቤታሶል ሐኪም የሚያዘው የቆዳ መድኃኒት ነው፤ ለመቅላት ሲቀቡት ቆዳ ያሳሳል። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ቅባት ጨርሶ አትግዙ። ስትቀቡ የቆያችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደግሞስ የትኛዋ ሙሽራ ናት «ቀላ ብለሽ ነዪልኝ» ያለችን?

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። ከሁሉ በፊት ውሃ። የቤይሩት በጋ ላብን ይጨርሳል። ጥማት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ጠርሙሱን ከክፍል ክፍል ይዛችሁ ዙሩ። ሽንታችሁ ቢጫው ከጠቆረ ውሃ አንሷችኋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ምግብ። በስኳር ሻይ ብቻ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ይቅርብን። ጠዋት ፉል ወይም እንቁላል ካገኘን ማታ ድስት አንጠርግም። ልጆቹ የተዉትን ቸኮላት «ከሚጣል» እያልን የምንበላውም እንቀንስ፤ እኔን ያወፈረኝ እሱ ነው። ጾማችንንም ለነፍሳችን እንጹም እንጂ ለዚፕ አናድርገው።

«ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ ደግሞ ስፖርት?» የምትል አለች። እውነት ነው፣ ደረጃ መውጣቱም መጥረጉም ይቆጠራል። ግን ሥራችን ሁልጊዜ ወደ ፊት ያጎነብሰናል፣ ወገባችን የሚያመውም ለዚህ ነው። ቀና ብሎ መራመድ ያፍታታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። እሁድ የምንወጣው በጠዋቱ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ኮርኒሽ ላይ እንራመድ። በሸበጥ ሳይሆን በጫማ። ከረፋዱ አራት እስከ አሥር ሰዓት ግን ጥላ እንፈልግ።

እሁድም የማትወጣ እህት አለችን። ይህን ወረቀት በጎረቤትም በበረንዳም ብላችሁ አድርሱላት። እህቴ፣ አንቺ ኩሽና ውስጥ ከወንበር አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ በይ፣ ግድግዳውን በሁለት እጅሽ አሥር ጊዜ ግፊ፣ ጀርባሽን ዘርጊ። ማንም ሳያይሽ ያልቃል።

እጃችንንም አንርሳ፤ በሰርግ ቀን የሚጨበጠው እሱ ነው። በረኪና ስትነኩ ጓንት አድርጉ። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። ሹሩባም ዓይን እስኪስብ አይጠበቅ፣ የግንባር ፀጉር ይነቅላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ ማዳም በኋላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፤ ከሥራም አልወጣሁም። ሁላችንም ግን እንዲህ ያለ ዕድል አናገኝም። እዚህ አገር ሰው የቀጠረን ሰውነታችንን አይቶ ነው፤ የታመመች ቀን ወዴት እንደምትላክ ታውቃላችሁ። እንጀራችን ይህ ሰውነት ነው፣ መልሰን ወደ አገር የምንወስደውም እሱን ነው።

ቀሚሱ አሁንም አለ። ኪሎዬ ተመልሷል። እዚሁ ከመካከላችን ያለች ስፌት የምትችል እህት በሁለቱ ጎን ሁለት ሁለት ጣት ጨርቅ ጨመረችልኝ፣ ዚፑ ዘጋ። በዚህ ክረምት ሦስት ሰርግ ተጠርቻለሁ፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሼ እመጣለሁ። ፎቶ ስንነሣ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስስብ ካያችሁ እጄን ምቱኝ።

የሚመጣው እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ዓይን ምሬሴ እንገናኝ፤ እስከ ራውሼ በእግር ነው። ውሃ ያዙ።