ስለ ተሰቀለው ጆንያና ስለ ጡጫ ጉልበት

(ባለፈው እሑድ በማኅበራችን ግቢ ያሰማነው ንግግር ነው። ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ እንደ ተናገርነው በሰሌዳው ላይ ለጥፈነዋል።)



ዛሬ የሰበሰብናችሁ ስለ መዋጮ አይደለም። መዋጮ ያለባችሁ ግን አትደሰቱ፣ እሱም ተራው ይደርሳል። የዛሬው ጉዳይ ከመጋዘናችን ጀርባ ስለ ተሰቀለው ጆንያ ነው። እንደምታውቁት ከሦስት ሳምንት በፊት ከልጆቻችን አንዱ ጆንያውን ሲመታ ቀኝ እጁ ተሰበረ። የተሰበረው ከትንሿ ጣት በታች መዳፍ ውስጥ ያለው አጥንት ነው። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሸ፣ እብጠቱ ባሰበት፤ ኋላ ሐኪም ቤት ራጅ ተነሥቶ በጀሶ ታሰረ። ልጁ አሁን ደኅና ነው። እናቱ ግን መጥተው «ጆንያው ይውረድልን» አሉን። ሌሎችም ወላጆች ደገፏቸው፤ «ይሄ ነገር ዱርዬ ነው የሚያፈራው» ያሉም አሉ።

ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ተነጋግሯል። ውሳኔውን ከመንገራችን በፊት አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ጆንያውን በአሸዋ ያስሞሉት ልጆቹ አይደሉም፤ እኛ ነን። ለአጥሩ ሥራ ከመጣው አሸዋ ተርፎ ስለ ነበረ «ከባድ ነገር ፈልጋችሁ የለ፣ ይኸው» ብለን ሰጠናቸው። ኋላ በወፍጮ ቤቱ ሚዛን ብንመዝነው 70 ኪሎ ሆነ። አሸዋ ደግሞ እየዋለ እያደረ ወደ ታች እየወረደ ይጠቀጠቃል፤ የጆንያው ታችኛው ክፍል ድንጋይ ይሆናል። ልጁ የመታው እንግዲህ ድንጋይ ነው። ጥፋቱም የኛ ነው። እናቱን ይቅርታ ጠይቀናል፤ የራጁንና የጀሶውንም ወጪ ማኅበሩ ሸፍኗል።

ከዚያ ወዲህ ሳናውቅ መወሰን አይገባም ብለን የሚያውቅ ሰው ፈለግን። በሰፈራችን ቀድሞ በጦር ሠራዊት ክለብ ቦክስ የተጫወቱ አንድ አባት አሉ፤ ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። ቁጭ አድርገው አስረዱን፤ ቆመንም ሞከርን። በማግሥቱ ከኮሚቴው ግማሹ ክንዱን ማንሣት አቅቶት ነበር። ለምን መሰላችሁ? በክንዳችን ብቻ ስለ መታን ነው።

የጡጫ ጉልበት ከክንድ አይመጣም። ከመሬት ነው የሚመጣው። እናቶች ይህን ከኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በርበሬ የምትወቅጥ ሴት እግሯን ከፈት አድርጋ ትቆማለች፣ ዘነዘናውን ሲያነሡ ጉልበቷና ወገቧም አብረው ይነሣሉ፣ ሲወርድም ሙሉ ሰውነቷ አብሮ ይወርዳል። በክንዷ ብቻ የምትወቅጥ ልጅ ግን ግማሽ ሙቀጫ ሳትጨርስ ላብ በላብ ትሆናለች፣ በርበሬውም አይደቅም። እንጨት ፈላጭም እንደዚሁ ነው። ቦክሰኛም ሲመታ የኋላ እግሩ ተረከዝ ከመሬት ይነሣል፣ እግሩ በጣቶቹ ላይ ይዞራል፤ ከዚያ ዳሌው ይዞራል፣ ደረቱ ይከተላል፣ ትከሻው ይወረወራል። ክንድ የመጨረሻው መልእክተኛ ነው። እጅ እስኪደርስ ድረስ ልል ይሆናል፤ ጭብጥ አድርጎ መጨበጥ ሲያርፍ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ግጥም አድርጎ የጨበጠ ክንዱን ራሱ ያስረዋል፣ ፍጥነቱንም ይገድለዋል።

ፍጥነት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የኛ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ በሰፈራችን ያሉ አንድ የፊዚክስ መምህር ጠይቀን ነበር። እንዳስረዱን የሚወረወረው ነገር ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ይዞት የሚመጣው ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ክንዱን እንደ ግንድ ያወፈረ ሁሉ ከባድ መቺ አይሆንም።

ጆንያው ራሱ አስተማሪ ነው፣ ሊያዩት ለሚፈልጉ። ሲመታ እንደ ዥዋዥዌ ሩቅ ሄዶ ሩቅ የሚመለስ ከሆነ ገፍታችሁታል እንጂ አልመታችሁትም። በደንብ የተመታ ጆንያ ባለበት ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም «ጧ» ይላል። እጅ እንዳረፈ በመጣበት መንገድ ወዲያው ወደ አገጭ ይመለሳል። ጆንያ መልሶ አይመታምና ልጆች እጃቸውን ጥለው መቆም ይለምዳሉ፤ አባታችን ይህን ሲያዩ በጣም ይቆጣሉ።

ጆንያ የድኻ መሣሪያ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ጆ ፍሬዚየር የሚባለውን አሜሪካዊ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ታውቁታላችሁ። ሳውዝ ካሮላይና በሚባለው ክፍለ ግዛት የገበሬ ልጅ ነበር። ልጅ ሳለ ጆንያ አግኝቶ ቡትቶ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የዛፍ ሽበትና መሐሉ ላይ አንድ ጡብ ከቶ ከጓሯቸው ዛፍ ላይ ሰቀለው። ለዓመታት በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ አንድ ሰዓት ይመታው ነበር። (ጡቡን አትኮርጁ!) ኋላም ፊላዴልፊያ ከተማ ቄራ ተቀጥሮ ሲሠራ የተሰቀለ የበሬ ሥጋ እየመታ ይለማመድ ነበር። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ባገኘበት በ1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሎምፒክ ፍሬዚየርም በቦክስ ወርቅ አገኘ። የካቲት 29 ቀን 1963 ዓ.ም. ደግሞ ኒውዮርክ ላይ በ15ኛው ዙር መሐመድ ዓሊን በግራ እጁ መትቶ ጣለው፣ በነጥብም አሸነፈ።

ከቶኪዮው ታሪክ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላው ነው። ፍሬዚየር መጀመሪያ የተመረጠው ሰው አልነበረም። ባስተር ማቲስ የሚባለው ቦክሰኛ በማጣሪያው አሸንፎት ነበር፤ እጁ በመጎዳቱ ፍሬዚየር ተተካ። እሱም ቢሆን የፍጻሜውን ግጥሚያ የተጫወተው በተሰበረ አውራ ጣት ነው። እነዚያ ሐኪምና አሠልጣኝ ያላቸው ሰዎች እጃቸው ከተሰበረ የኛ ልጆች እጅ እንዴት እንደሚጠበቅ አስቡት።

እጅ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። የሚያርፈው የጠቋሚና የመሐል ጣት ጉብታ ነው፤ የትንሿ ጣት ወገን ከሆነ ልጃችን የደረሰበት ይደርሳል። አውራ ጣት ከጭብጡ ውጭ ይሆናል፣ ውስጥ አይደበቅም። የእጅ አንጓ ከክንድ ጋር ቀጥ ይላል፤ ታጠፈ ማለት ተወለመ ማለት ነው። ከጓንቱ በፊት ፋሻ ይጠመጠማል። ፋሻ የሌለው ካረጀ ነጠላ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር ርዝመት ቀድዶ አንጓውን፣ መዳፉንና በጣቶቹ መካከል ይጠመጥም። ደም እስኪቆም ግን አይጠበቅም። ጣት ከደነዘዘ ይፈታ።

ጆንያውን ደግሞ አፍርሰን እንደገና እንሠራዋለን። ክብደቱ የሚመታው ሰው ግማሽ ያህል ይበቃል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 30 ኪሎ ማለት ነው። የሚሞላው በተቆራረጠ ጨርቅ ነው፣ በየደረጃው በዘነዘና እየተጠቀጠቀ። ከላይ ሸራ ይለብሳል፤ በሸራውና በጆንያው መካከል የተቀደደ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ እናስገባለን። ክብደት ካነሰው ትንንሽ የአሸዋ ከረጢት መሐል ለመሐል ይገባል እንጂ ዳር አይነካም። የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ስለማይታመን የሚሰቀለው ከመጋዘኑ ወራጅ ላይ በሰንሰለት ነው።

ሰዓት ተይዞ ይመታል። ዙሩ 3 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 1 ደቂቃ። ጀማሪ ግን ዙሩን 2 ደቂቃ አድርጎ ሦስት ዙር ከመታ ይብቃው። በየምቱ ትንፋሽ እፍ ተብሎ ይወጣል። ሲደክም አመታቱ ይበላሻል፤ የተበላሸ አመታት እየደጋገሙ መልመድ ካለመልመድ ይብሳል። እጅም የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ያ የተረፈው አሸዋ የት ይሄዳል ላላችሁ፣ ጀርባ ላይ ይወጣል! ጉልበት የሚጀምረው ከእግር ነው ብለናልና አሸዋ የያዘ ከረጢት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ዋናው ሥራ ነው። ከዚያ ፑሽ አፕ፣ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን መሳብ፣ በጣሳ ሲሚንቶና በፌሮ የሠራናትንም ብረት ማንሣት አለ። በያንዳንዱ ከ5 እስከ 8 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ዙር ይበቃል፤ ወገብ መጉበጥ ሲጀምር ይቆማል። በመጨረሻ በአሸዋ የተሞላች 3 ኪሎ ኳስ ወገብን አዙሮ በፍጥነት ግድግዳ ላይ መወርወር ነው፤ ብረት ያመጣውን ጥንካሬ ወደ ፍጥነት የምታዞረው እሷ ናት። ይህ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ጡንቻ የሚያድገው በዕረፍትና በምግብ ነውና ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን ከልጆች አትንፈጉ፤ ዕንቁላል ከተገኘም ጥሩ።

ግን ጉልበት ብቻውን የትም አያደርስም። ጆርጅ ፎርማን ሲመታው ያን ትልቅ ጆንያ የሚያጎደጉድ ሰው ነበር። 40 ጊዜ ተጋጥሞ አርባውንም አሸንፎ፣ 37ቱን በዝረራ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ኪንሻሳ ላይ ከመሐመድ ዓሊ ጋር ገጠመ። ዓሊ ገመዱን ተደግፎ ክንዱንና ጎኑን እያስመታ አደከመውና በ8ኛው ዙር ዘረረው። ፎርማን ጉልበቱን ጆንያ ላይ እንዳለ ሁሉ ጨረሰው። ይኸው ሰው ግን ዕድሜው 45 ሆኖ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1987 ዓ.ም. ተመልሶ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። ያን ቀን በትዕግሥት ጠብቆ በ10ኛው ዙር ነው የመታው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሩጫ የማይሮጥ ልጅ ጆንያ እንዳይነካ ወስነናል።

ስለ ዱርዬነቱ ወላጆች ያነሣችሁት ሥጋት እውነት አለው፤ አናድበሰብሰውም። በአንድ ጡጫ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ቢጋጭ ሊሞት ይችላል። እኛ ልጆቹን ይህን ጉልበት እያስተማርን ወዴት እንደሚውል አናይም ማለት አንችልም። ስለዚህ በሰፈርም ሆነ በትምህርት ቤት እጁን በሰው ላይ ያነሣ ለሦስት ወር ጆንያው አጠገብ አይደርስም፤ ራሱን ሲከላከል እንኳ ቢሆን መጥቶ ለኮሚቴው ያስረዳል። የኮሚቴ አባል ልጅም ቢሆን ያው ነው። ከ14 ዓመት በታች ያሉት አቋቋምና አረማመድ ይማራሉ፣ ፑሽ አፕ ይሠራሉ፣ ከባዱን ጆንያና ብረቱን አይነኩም። ሴቶች ልጆችም ይመጣሉ፤ ከ2004 ዓ.ም. የለንደን ኦሎምፒክ ጀምሮ ሴቶች በቦክስ ይወዳደራሉ፣ የኛዎቹ ከማን ያንሳሉ?

ጆንያው እንግዲህ ይወርድና ታድሶ ይሰቀላል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ብረቱ ማክሰኞና ቅዳሜ። አባታችን በነጻ ሊያሠለጥኑ ፈቅደዋል፤ እሳቸው ወይም ከኮሚቴው አንድ ሰው ሳይኖር መጋዘኑ አይከፈትም። ቁልፉ ገንዘብ ያዣችን ጋ ነው። ልጁም ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ሰዓት ይይዛል፤ እናቱ በዚህ ተስማምተዋል፣ እናመሰግናለን።

ለመሙያው 30 ኪሎ ያህል ቡትቶ ስለሚያስፈልግ ያረጀ ልብስ ያላችሁ እስከ ዓርብ አምጡልን። ቁልፉንና ዚፑን ነቅላችሁ ይሁን፣ እጅ ይቆርጣል።