የመምህር ረዳት ያለ ሥልጠና አይላክ
(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ፤ ላልተገኙ አባላት በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈ)



ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ ድንኳንና ስለ መዋጮ ብቻ ለመነጋገር አይደለም፤ ኦ ክፍል ስለሚማሩት ሕፃናቶቻችን ጭምር ነው። እኛ የኮሚቴው አባላት አብዛኞቻችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፍንም። ስለዚህ የምንናገረው በዓይናችን ያየነውን ነው።

ያየነውም ይኸውላችሁ። መምህርቷ አንዲት ናቸው፤ ልጆቹ ምንጣፉን ሞልተውታል። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ሽንት ቤት ልሂድ ትላለች፣ ሌላው ሰሌዳው አይታየውም። መምህርቷ አንዱን ሲያባብሉ ሌሎቹ ይበተናሉ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት ስላደረገው ሥራው ሰፍቷል። በዚያው ዓመት በክልላችን ከተነሣው ግጭት ወዲህ ደግሞ በፍኖተ ሰላምም፣ በቡሬም፣ በገጠሩም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት ውለዋል። ሲመለሱም ፊደል የለየውና ጨርሶ ያልጀመረው ባንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ይህን አንድ ሰው ብቻውን እንዴት ይችለዋል?

ለመምህር ረዳት መስጠት ላገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በጎጃም የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን አያስቆጥሩም፤ ዳዊት የደገመው ልጅ ጀማሪውን ፊደል ያስቆጥራል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ያስተማሩት መምህራን ብቻ አልነበሩም፤ ተማሪዎችም ነበሩ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል፤ ከእናቶቻችንም ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ የማታ ትምህርት ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍም «ከልጅ ለልጅ» የተባለውን ዘዴ ይዟል። በዚህ ዘዴ ከፍ ያለ ክፍል ያለው ተማሪ በመምህር እየተመራ ታናናሾቹን በጨዋታ ቁጥርና ፊደል ያለማምዳል። በየከተማው መዋዕለ ሕፃናትም ከመምህርቷ ጎን ሞግዚት አለች።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? አምና አንዲት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች የሰፈራችንን ልጅ «ሂጂ፣ መምህር እርጂ» ብለን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ላክናት። የትምህርት ቤቱን ስም አናነሣም። እዚያ ሻይ አፊ፣ ክፍል ጠራጊ አደረጓት። መምህር በቀረ ቀን ደግሞ ዱላ አስይዘው ልጆቹን ጠብቂ አሏት። በሁለተኛው ወር ትታው መጣች። እኛም «ሰነፍ ናት» ብለን አማናት። ዛሬ ግን በፊታችሁ እናምናለን፤ ጥፋቱ የኛ ነው። ምን እንደምትሠራ አልነገርናትም፣ አላሠለጠናትም፣ ለሳሙና እንኳ አልሰጠናትም።

ስለዚህ የረዳት ሥራ ምን እንደሆነ እንወቅ። ረዳት መምህርቷ ያስተማሩትን ከአምስት ከስድስት ልጆች ጋር ቁጭ ብላ ትደግማለች። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ታስነብባለች። በበቆሎ ፍሬ፣ በጠጠርና በቆርኪ ታስቆጥራለች። ማየት የተሳነውን ወደ ፊት ታስቀምጣለች፤ መስማት የሚቸግረውን ልጅ ፊት ለፊቱ ሆና ታናግረዋለች፤ ለመምህርቷም ትነግራለች። የፈራውን ታባብላለች፣ እጅ ታስታጥባለች። ዱላ አትይዝም። መምህር ሲቀርም መምህር አትሆንም፤ የቡና አፍይም አይደለችም።

ሥልጠናውስ? ወይፈን እንኳ ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው እርሻ የሚለምድ። መጀመሪያ ረዳቷ ሁለት ሳምንት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትመልከት። ቀጥላ በመምህርቷ ዓይን ሥር ሦስት ልጆች ትያዝ፤ ከዚያ ቁጥሩ ይጨመር። በየሳምንቱ ዓርብ ከመምህርቷ ጋር ተቀምጣ የትኛው ልጅ ምን እንደጎደለው ትነጋገር፣ በደብተርም ትጻፍ። ሱፐርቫይዘሩ በጉድኝት ማዕከሉ ለመምህራን ሥልጠና ሲያዘጋጁ ረዳቶችም እንዲገቡ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል እንጠይቃለን። በሥራው ልቧ የገባ ደግሞ መምህርት ለመሆን ሩቅ አትሄድም፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ እዚሁ ፍኖተ ሰላም አለ። የመግቢያውን መስፈርት ካሟላች ክፍል ውስጥ ያሳለፈችው ጊዜ ስንቅ ይሆናታል።

እንግዲህ ውድ አባላት፣ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትዕግሥት ያላቸውን ሁለት ወጣቶች ጠቁሙ፤ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን። ሁለተኛ፣ በየወሩ ለረዳቶቹ ኪስ የሚሆን ከየቤቱ ስንት እንደሚዋጣ ተመካክራችሁ ወስኑ፤ ያለ ክፍያ ማሠራት ደግሞ እንደ አምናው ያስቀራቸዋል። ሦስተኛ፣ ረዳቶቹ የሚሠሩትና የማይሠሩት በወረቀት ሰፍሮ ርእሰ መምህሩና ማኅበራችን እንድንፈራረምበት ፍቀዱልን።

አምና ወደ ቤቷ የተመለሰችውን ልጅም ኮሚቴው ቤቷ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋታል። «ካሠለጠናችሁኝ እመለሳለሁ» ብላናለች። ቃሏን ይዘን ቀርበናል፤ መልሱ የናንተ ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ