በድርቅ ግምገማ የባለሙያን ፍርድ የሚደግፉ ዘዴዎች ሲነጻጸሩ
(ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለጋሽ አገሮችን 450,000 ቶን እህል ጠየቀ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው አጥኚ ቡድን ግን 125,000 ቶን የሚል ግምት አቀረበ። ሁለቱም አኃዞች ከባለሙያዎች እጅ የወጡ ናቸው። ቡድኑን ወደ ዝቅተኛው አኃዝ ያደረሰው ወደቡና መንገዱ ምን ያህል ያሳልፋል የሚለው ስሌት ነበር። ሁለት የማይገጥሙ አኃዞች የቀረቡለት ለጋሽ ትንሹን ቢይዝ አያስገርምም። ስለዚህ ማንኛውም ዘዴ በቅድሚያ ሊመዘን የሚገባው፣ ሕዝቡ የሚያስፈልገውንና ማድረስ የሚቻለውን ለያይቶ በመጠየቁ ነው።

ከዘዴዎች ሁሉ የተለመደው የጠረጴዛ ዙሪያ ውይይት ነው። ፈጣን ነው፤ ወጪውም አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ የበላዩ ኃላፊ አስቀድሞ አንድ ቁጥር ከጠራ፣ ከወረዳ የመጣው የግብርና ባለሙያ በደብተሩ የያዘውን የተለየ ቁጥር ሳያወጣ ስብሰባው ይበተናል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ራንድ በተባለው የጥናት ድርጅት የተጀመረው የዴልፋይ ዘዴ ይህንኑ ጉድለት ለማረም የታሰበ ነው። ባለሙያዎች ስማቸው ሳይገለጽ ግምታቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣሉ፤ የሁሉም መልስ ተጠቃሎ ይመለስላቸዋል፤ ከዚያም ግምታቸውን እንደገና ያጤናሉ። ማዕረግ አይጫነውም፤ ነገር ግን ወረቀቱ ተመላልሶ እስኪያልቅ የበልጉ ወቅት ሊያልፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በሶማሊያ የተጀመረው የተቀናጀ የምግብ ዋስትና ደረጃ ምደባ ደግሞ ማስረጃዎችን አሰባስቦ ችግሩን በአምስት ደረጃዎች ይከፍላል። አንዱን አካባቢ ከሌላው ለማወዳደር የሚወዳደረው የለም። ሆኖም ረሀብ ለማለት ከሚጠይቃቸው መስፈርቶች አንዱ በቀን ከ10,000 ሰው ቢያንስ ሁለት ሰው መሞቱ ነው። በደቡብ ሶማሊያ ረሀብ መግባቱ ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ በዚያ ችግር ካለቀው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ አስቀድሞ ሞቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከወራት በፊት ተሰጥቷል። እህል ለማንቀሳቀስ አምስተኛውን ደረጃ የሚጠብቅ ኃላፊ ዘዴውን ያለቦታው ይጠቀምበታል።

ለሰፈራ ቦታ መረጣ የሚዘወተረው የነጥብ አሰጣጥ ሠንጠረዥ ነው። አፈሩ፣ ውሃው፣ መንገዱና ጤናው ነጥብ ተሰጥቷቸው ይደመራሉ። አደጋውም ያለው ከመደመሩ ላይ ነው። ገንዲ በሬ የሚጨርስበት ቆላ፣ አፈሩ ለም በመሆኑ ብቻ ከፍተኛ ድምር ሊያገኝ ይችላል። ስለሆነም ውሃና በሽታ ከድምሩ ተነጥለው፣ ያላለፈ ቦታ ጨርሶ የማይታሰብባቸው ቅድመ ሁኔታዎች መሆን ይኖርባቸዋል።

በመስክ የሚያዋጣው ቅይጡ ነው፦ እያንዳንዱ ባለሙያ ውይይቱ ሳይከፈት ግምቱን ጽፎ ያስረክባል፤ የወረዳው ሰው መጀመሪያ፣ ሰብሳቢው መጨረሻ ይናገራሉ። ይህም ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም። የተጻፉት ግምቶች ከፋይል ሳይወጡ ይቀመጡና ከመኸሩ ምርት በኋላ ከተገኘው ውጤት ጋር ይመሳከራሉ።