የካሜራ ወጥመድ

በአርቦሬ፣ በወይጦ ወንዝ ዳርና በጨው ባሕር አካባቢ ያላችሁ አርብቶ አደሮች፣ በጂንካም ያላችሁ፣ ዛሬ ስለ ካሜራ ወጥመድ እንነግራችኋለን።

ወጥመድ ስንል ግን አትስጉ። የካሜራ ወጥመድ አውሬውን አይይዝም፣ አያቆስልም። ዛፍ ላይ ይታሰራል። ሙቀት ያለው ገላ በፊቱ ሲያልፍ ይነቃና ፎቶ ያነሳል፤ በጨለማም ቢሆን።

ታዲያ በፎቶው ላይ አንዱ ነብር ከሌላው በምን ይለያል? አያችሁ፣ እረኛ ስንት ከብት በተቀላቀለበት መንጋ ውስጥ የራሱን በመልኩ ያውቃል። ቡሬው የማን ነው? ዝንጉርጉሩስ? አይሳሳትም። ፎቶውን የሚያየው ተመራማሪም እንደዚያው ነው። የሁለት ነብሮች ነጠብጣብ አንድ ዓይነት አይሆንም። አንበሳንም በጢሙ ሥር ባሉት ነጥቦች ይለዩታል።

የካሜራ ወጥመድ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? አውሬ ፍየል ሲበላ ንዴቱ ከባድ ነው፣ እውነት ነው። ግን ለአውሬው የሚቀመጥ መርዝ ጥፋተኛውን አይመርጥም። አሞራውንም፣ የገዛ ውሻችሁንም ይገድላል። የካሜራ ወጥመድ ግን የመጣው ጅብ ይሁን ነብር፣ በየትኛው መንገድና ሰዓት እንደሚመላለስ ያሳያል። ያኔ የእሾህ አጥሩ የቱ ጋ መጠናከር እንዳለበት ይታወቃል።

እንግዲህ በማጎ ብሔራዊ ፓርክም ሆነ በግጦሽ መሬታችሁ የካሜራ ወጥመድ ታስሮ ካያችሁ፣ እባካችሁ አትንኩት። ልጆቻችሁንም ንገሯቸው።