የኑሮ ውድነት በሁለት ከተሞች፤ ከጎጃም በረንዳ የተነሣ ስሌት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድልድይ ወይም ስለ ውኃ መስመር እንድናገር የሚጠብቅ ቢኖር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማቀርበው ከሙያችን የራቀ የሚመስል፣ ነገር ግን በየቤታችን የሚሠራ ስሌት ነው። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ሄጄ እንድሠራ ጥያቄ ቀረበልኝ። ደመወዙ አሁን ከማገኘው እምብዛም አይበልጥም፤ «ኑሮው ግን ርካሽ ነው» ተባልሁ። ይህችን አጭር ቃል ለመመርመር ወራት ፈጀብኝ።

የምኖረው መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ነው። የሰፈሩ ስም ወደየት አገር እንደሚያመለክት ለዚህ ጉባኤ መንገር አያሻም። በእህል ንግድ ያረጁ አንድ ጎረቤቴን ስለ ጉዳዩ ባማክራቸው፣ «ልጄ፣ ከዚያ የሚመጣው እዚያ ይረክሳል፤ ከዚህ የሚሄደው እዚያ ይወደዳል፤ አንተ የትኛውን ነው አብዝተህ የምትገዛው?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከመጻሕፍትም አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎጃም ተጭኖ በደጃችን የሚራገፈው ጤፍ ዋጋው ውስጥ የገበሬው ድካም ብቻ አይደለም ያለው። ጆንያው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ደላላው፣ የመኪናው ኪራይ፣ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን በዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣው መንገድ የሚበላው ነዳጅና ጎማ ሁሉ ተደምሮበታል። ሳሙናው፣ የምግብ ዘይቱ፣ ቆርቆሮውና የልጆች ደብተር ደግሞ በአብዛኛው ያንኑ ገደል በተቃራኒው አቅጣጫ ይሻገራሉ። እንግዲህ አንዱን ከተማ በጅምላ «ርካሽ» ማለት፣ አንድ ሥራ ተቋራጭ የሥራውን መጠን ሳያይ በነጠላ ዋጋ ብቻ ጨረታ እንደመግባት ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ተቋራጭ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ብዙ አይቆይም።

የዋጋ ሊቃውንት ይህን ችግር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አውቀውታል። ላስፔይሬስ የተባለው ጀርመናዊ በ1871 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን የፍጆታ ዝርዝር ይዞ በአዲሱ ዋጋ ማስላትን ሲያስተምር፣ የአገሩ ልጅ ፓሽ በ1874 አዲሱን ዝርዝር መያዝ ይገባል አለ። ሁለቱ ስሌቶች ስለ ጊዜ የተደረጉ ቢሆኑም ስለ ቦታም ይሠራሉ፤ ውጤታቸውም አንድ አይሆንም። እኔም ሁለቱንም ሞከርሁ። አዲስ አበባ የምንበላውን፣ የምንለብሰውንና የምንሳፈረውን እንዳለ ወስጄ በባሕር ዳር ዋጋ ባሰላ፣ ቤት ኪራይን ሳልጨምር፣ ልዩነቱ ከሃያ አንድ እጅ አልበለጠም። ሆኖም እዚያ የሚኖር ሰው እንደ እኛ አይኖርም። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሥራ በብስክሌት ይሄዳል፤ ከሥጋ ይልቅ የጣናን ዓሣ ያዘወትራል፤ ብርድ ልብስ ሳይሆን ቬንቲላተር ይገዛል፤ ለወባ አጎበር ያስፈልገዋል። በዚህኛው ዝርዝር ሳሰላው ወጪው ከአምስት አንድ እጅ ቀነሰ። ስለዚህ ጥያቄው የከተማው ብቻ ሳይሆን የእኔም ነው፤ ልማዴን ይዤ ልሄድ ወይስ ትቼው?

ዋጋዎቹን በብር ያልጠቀስሁት በስንፍና አይደለም። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሰንጠረዤን ሦስት ጊዜ ቀድጄ ጽፌአለሁ።

አሁን ወደ ቤት ኪራይ ልምጣ፤ ስሌቴ የፈረሰው ከዚህ ላይ ነውና። ከተሞችን የሚያነጻጽር ሰው የአዲስ አበባን የገበያ ኪራይ ከባሕር ዳሩ ጋር አስተያይቶ ትልቅ ትርፍ ያሳያችኋል። እኔ ግን የገበያ ኪራይ አልከፍልም። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖረው በእናቴ ስም በተያዘች ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑት አንዷ ናት። ኪራይዋ ከገበያው ጋር በአንድ መስመር የሚጻፍ አይደለም። የጠበበች ናት፤ ክረምት ጣራዋ ያፈሳል። ነገር ግን ባሕር ዳር የምከራየው ቤት የቱንም ያህል ቢረክስ፣ በጤፍና በመጓጓዣ የማተርፈውን ሁሉ ውጦ ይጨምራል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ መደንገጉ ለተከራይ ዕፎይታ ነው፤ የሌለኝን ወጪ ግን እንዳይኖር አያደርገውም።

እናቴ አብራን ከሄደች ቤቲቱን ታጣለች። ከቀረች ደግሞ በመካከላችን 565 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይኖራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ሳቢያ ይህ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ አይተናል፤ ስለሆነም በዓመት ሦስት ጊዜ እርሷን መጠየቂያ የአውሮፕላን ዋጋ በሰንጠረዡ ላይ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የባሕር ዳሩ ድምር ከአዲስ አበባው በለጠ።

ድምሩን ለእናቴ አነበብሁላት። ልብ ብላ ሰማችና፣ ልጆቹ የሚተኙበት የየራሳቸው ክፍል ስንት ብር ተብሎ እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። አልጻፍሁትም ነበር። ለሐይቁ ዳር አየር፣ ከታክሲ ሰልፍ ለሚተርፈው ሁለት ሰዓትም ረድፍ አላበጀሁም ነበር። እርሷ ስለ ራሷ አንዳችም አልተናገረችም።

መልሴን እስከ ሰኔ መጨረሻ እንድሰጥ ቀጠሮ ተይዟል። ከፋሲካ በኋላ እናቴን ጨምረን በአምስት ሰው ለአንድ ወር ሄደን፣ ቤት ተከራይተን፣ ከገበያ የምንገዛውን በየቀኑ እየጻፍን እንድንኖር ተስማምተናል። ደብተሩን ገዝቻለሁ፤ ከዚሁ ከመርካቶ፣ እዚያ ይወደዳልና።