ነጭ ጋዋንና የደንብ ልብስ

(በንፋስ ስልክ በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ ከመጨረሻው ዓመት የነርስ ተማሪዎች አንዷ ያደረገችው ንግግር)




የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስለ ምን እንደምናገር በጠየቀኝ ጊዜ፥ በዚህ ዓመት በምንመረቀው ተማሪዎች መካከል ከምግብ አዳራሽ እስከ መኝታ ክፍል የሚነገረውን አንድ ጉዳይ መረጥሁ። ጉዳዩም ይህ ነው፤ የነርስነት ትምህርቱን የጨረሰ ሰው የደንብ ልብስ በሚለበስበት የመንግሥት የጤና አገልግሎት፥ ማለትም በመከላከያ ሠራዊት፥ በፖሊስ ወይም በማረሚያ ቤት ቢቀጠር መልካም ነውን? አንዳንዶቻችን «ሥራ ከተገኘ ምን ይጠየቃል?» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «መርፌና ጠመንጃ አብረው አይሄዱም» ብለን ነገሩን ባጭሩ እንዘጋዋለን። ለእኔ ሁለቱም መልሶች የችኮላ ይመስሉኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፥ ዛሬ ማታ ነገሩን ቀስ ብለን እንመልከተው።

እኛ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምንኖር ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከጀርመን አደባባይ ተነሥተን በቀለበት መንገድ በአየር ጤና በኩል ብንሄድ ጦር ኃይሎች እንደርሳለን። ሰፈሩ ስሙን የወሰደበት የጦር ኃይሎች ሆስፒታል በዚያ ይገኛል። ብዙዎቻችን በታክሲ ስናልፍ በሩ ላይ የቆመውን ወታደር እንጂ የቤቱን ታሪክ አናይም። ታሪኩ ግን የነርስነት ታሪክ ነው።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ ሰባቸው ጋር በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ጨረሱ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕመምተኛ አልጋ ማንጠፍንና ቁስል ማጠብን እንደ ማንኛዋም ተማሪ ተማሩ። አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላ ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ። በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ ደከሙ፤ ሆስፒታሉም እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። በዚያ ቤት ነርሶች ሠለጠኑ። ዛሬ በፌስቱላ ሕክምና ስማቸው የታወቀው ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊንም እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት በዚሁ ሆስፒታል አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የልዕልቲቱ ስም ከበሩ ላይ ወርዶ ሆስፒታሉ የጦር ኃይሎች ሆነ።

ይህን ያነሣሁት ያለፈውን ለማወደስ አይደለም። አስታማሚነትና ሠራዊት በአንድ ግቢ ውስጥ መገናኘታቸው በአገራችን አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። በውጭው ዓለምም እንደዚሁ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 ከ38 ነርሶች ጋር ወደ ስኩታሪ የሄደችው የቆሰሉና የታመሙ ወታደሮችን ለማስታመም ነበር፤ ዛሬ በክፍል የምንማረው ንጽሕናና የሕመምተኛ መዝገብ አያያዝ ከዚያ ብዙ ተምሯል። በአሜሪካ የጦር ሠራዊት የነርሶች ክፍል እ.ኤ.አ. በ1901 ቢቋቋምም፥ ነርሶቹ ቋሚ የመኰንንነት ማዕረግ ያገኙት በ1947 ነው፤ ወንዶች ነርሶች በመኰንንነት የተቀበሉት ደግሞ ገና በ1955። በዚያው አገር በ1889 በሕግ የተቋቋመ አንድ ሌላ የሕዝብ ጤና አገልግሎት አለ፤ ባለሙያዎቹ የጦር መሣሪያ ሳይዙ የደንብ ልብስ ይለብሳሉ፥ ማዕረግም አላቸው። እንግዲህ የደንብ ልብስ ማለት ሁልጊዜ ጠመንጃ ማለት አይደለም።

ጓደኞቼ፤ ስለ ሥራው ራሱም ጥቂት ልበል። በሠራዊት ውስጥ ያለች ነርስ ሥራዋ ጥይት የመታውን መቀበል ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። በእርግጥ የሚፈስ ደምን ማቆም፥ የታሰረው ማሰሪያ በስንት ሰዓት እንደታሰረ መጻፍ፥ የመተንፈሻ መንገድን መክፈት፥ ቁስለኛውን ለሚቀጥለው ሐኪም በሕይወት ማድረስ የሙያው ዋና ነገር ነው። ነገር ግን የጦርነትን ታሪክ ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፥ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ በአብዛኛው ጦርነት ከጥይት ይልቅ ብዙ ወታደር የገደለው በሽታ ነው፤ ተቅማጥ፥ ታይፈስ፥ ታይፎይድ፥ ወባ። ስለዚህ የሠራዊት ነርስ የውኃ ጉድጓድ ትመረምራለች፥ የመጸዳጃ ቦታ ታስቆፍራለች፥ ክትባት ትሰጣለች፥ አጎበር መዘርጋቱን ትቆጣጠራለች። የወታደር ሚስት ስትወልድና የወታደር ልጅ ሲያተኩሰውም የምትጠራው እርሷ ናት። የተማርነው የሕዝብ ጤና ትምህርት አንድም ገጽ ሳይቀር በዚያ ይፈለጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ነርስ ሁና የደንብ ልብስ የምትለብስ ሰው ሁለት ግዴታ ትሸከማለች። አንደኛው ለአለቃዋ መታዘዝ ነው። ሁለተኛው ለሕመምተኛዋ መታመን ነው። በአብዛኛው ቀን እነዚህ ሁለቱ አይጣሉም። «ነገ ጠዋት ወደ እገሌ ካምፕ ሂጂ» ስትባል ትሄዳለች፤ ይህ መታዘዝ ነው፥ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። የሚጣሉበት ቀን ግን ይመጣል። ሁለት ቁስለኞች በአንድ ጊዜ ሲገቡ፥ አንዱ ባለ ማዕረግ ሆኖ ቁስሉ ቀላል፥ ሌላው ተራ ወታደር ወይም የተማረከ ጠላት ሆኖ ደሙ እየፈሰሰ ሲመጣ፥ ማን ይቅደም?

ይህ ጥያቄ መልሱ ከተገኘ ቆይቷል፤ መልሱንም ያገኘው ራሱ የጦር ሐኪም ነው። የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም የነበረው ላሬ ቁስለኛ በማዕረጉ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት እንዲታከም ሥርዓት አወጣ። ዛሬ በየሆስፒታላችን የድንገተኛ ክፍል የምንሠራበት ሕመምተኛን የመለየት ሥርዓት ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነትም በአንቀጽ 12 ይህንኑ ሕግ አደረገው፤ አንዱን ቁስለኛ ከሌላው ለማስቀደም የሚፈቅደው አስቸኳይ የሕክምና ምክንያት ብቻ ነው ይላል። በ1977 የወጡት ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ደግሞ የሕክምና ሥነ ምግባርን ተከትሎ ያከመ ሰው፥ ያከመው ማንንም ቢሆን፥ በዚህ ምክንያት ሊቀጣ እንደማይገባ ይደነግጋሉ። ኢትዮጵያ እነዚህን ስምምነቶች ተቀብላለች፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረትም አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። እንግዲህ «ቁስሉ የከበደው ይቅደም» የምትል የሠራዊት ነርስ ትእዛዝ የጣሰች ሳትሆን ሕግ ያስከበረች ናት።

ይህ ሕግ ለኛ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። የጣልያን ፋሺስት አውሮፕላኖች በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ፥ በየካቲት ወርም በቆረም አጠገብ የነበረውን የእንግሊዝን የሕክምና ጓድ በቦምብ ደበደቡ። የቀይ መስቀሉ ምልክት ሲጣስ ምን እንደሚሆን ካየው ሕዝብ መካከል አባቶቻችን ነበሩ። በዚያን ጊዜ ለዓለም የጮኽነው ጩኸት ትክክል ከነበረ፥ ዛሬ በራሳችን እጅ ላለው ቁስለኛም ትክክል መሆን አለበት።

በራሳችን እጅ ላለው ስል የምለውን ታውቃላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ብዙ የጤና ተቋማት ፈርሰዋል፥ ተዘርፈዋል። በአልጋው ላይ የሚተኛው «ጠላት» ከባሕር ማዶ የመጣ ላይሆን ይችላል። የኛን ቋንቋ የሚናገር፥ «እናቴን ጥሩልኝ» የሚል የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል። አራቱም የጄኔቫ ስምምነቶች በጋራ የያዙት አንቀጽ 3 በአንድ አገር ውስጥ ለሚደረግ ጦርነትም ቢሆን ቁስለኞችና ሕሙማን ይሰብሰቡ፥ ይታከሙም ይላል። እርሱን በቂም ዓይን የምታይ ነርስ ከዚያ አልጋ አጠገብ መቆም የለባትም። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ስንል «ከኛ ወገን የሆነ ሰው» አላልንም።

በማረሚያ ቤት መሥራት ለሚፈልጉም ነገሩ ያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀበለውና የማንዴላ ሕግጋት የሚባለው ድንጋጌ፥ የእስረኛን ሕክምና የሚወስነው የጤና ባለሙያ ብቻ መሆኑንና ሐኪም ያልሆነ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ውሳኔውን ሊሽረው እንደማይችል በቍጥር 27 ይናገራል። ይህን የማታውቅ ነርስ እስረኛው ሆስፒታል እንዳይሄድ ሲከለከል ዝም ትላለች። የምታውቀው ግን የምትጠቅሰው ቃል አላት።

አሁን ደግሞ «ሥራ ከተገኘ ምን ይጠየቃል?» ለሚሉት ጓደኞቼ ልመልስ። ችግራቸው ይገባኛል። ተመርቀው ከዓመት በላይ በየቢሮው ደጅ የጠኑ እኅቶችና ወንድሞች አሉን፤ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄም በ2017 ዓ.ም. በአደባባይ የተነሣ ጥያቄ ነው። በዚህ ላይ የደንብ ልብስ የሚለበስበት ሥራ ቀለብ፥ መኖሪያና ማዕረግ ካለው ማን ይጠላዋል? ነገር ግን የሲቪል ነርስ ሥራዋን ባትወደው መልቀቂያ ጽፋ ትወጣለች። የሠራዊት አባል የፈረመችውን የአገልግሎት ዘመን ትፈጽማለች። የሲቪል ነርስ ስለ ደመወዟ ከጓደኞቿ ጋር ድምፅዋን ታሰማለች፤ የደንብ ልብስ የለበሰች ግን በዕዝ ሥርዓት ውስጥ ናት። ሠራዊቱ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 ያዛልና፥ በፖለቲካ ክርክር የምትደሰት ጓደኛችን ይህንም ታስብበት። ይህ ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ዋጋ ነው እላለሁ። ዋጋውን ሳይጠይቅ የሚገዛ ገበያተኛ በኋላ ሻጩን መውቀስ አይችልም።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት አምስት ነገር እንጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል።

1ኛ. የአገልግሎቱ ዘመን ስንት ዓመት ነው? ከዚያ በፊት ብወጣ ምን እከፍላለሁ? የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011ንና ሌሎቹን ደንቦች ከፊርማ በፊት እንጂ ከፊርማ በኋላ አናንብባቸው።

2ኛ. በዲግሪዬ የሚሰጠኝ ማዕረግ ምንድን ነው? በሕመምተኛ ክፍል ውስጥ የሚያዘኝስ የጤና ባለሙያ ነው ወይስ የጦር መኰንን?

3ኛ. የሙያ ፈቃዴን የማሳድስበት ሥልጠናና ከዚህ በላይ የምማርበት ዕድል አለኝ? በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ሥር የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ በር ከተከፈተልን እንጠቀምበት።

4ኛ. የምመደብበት ቦታ፥ የወሊድ ፈቃድና የቤተ ሰብ ኑሮ እንዴት ይታሰባል?

5ኛ. የአለቃ ትእዛዝና የሙያ ግዴታ ቢጣሉ በጽሑፍ የማመለክተው ለማን ነው?

አምስተኛውን ጥያቄ ሲሰማ የሚቆጣ መልማይ ካለ፥ ቁጣው ራሱ መልስ ነው። ጥያቄውን በክብር የሚመልስ ካለ ግን ነርስን የሚያከብር ቤት አግኝተናል ማለት ነው።

ጓደኞቼ፤ «አንቺስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔ ለማመልከት ወስኛለሁ። እናቴ አልተደሰተችም፤ «ልጄን ያስተማርኩት ለጦር ሜዳ ነው ወይ?» ትላለች። የእናት ፍርሃት ትክክል ስለሆነ አልተከራከርኋትም። የነገርኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቆሰለው ልጅም እናት አለችው፥ በዚያች ሰዓት አጠገቡ የተማረ ሰው ቢኖር ትወዳለች። ከአምስቱ ጥያቄዎች ለአንዱ መልስ ባላገኝ ግን አልፈርምም፤ ይህንንም ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ። የማይሄዱት ጓደኞቼም አያፍሩ። በጀሞ ጤና ጣቢያ ሕፃን የሚያስከትብም ሆነ በገጠር ኬላ ነፍሰ ጡር የሚከታተል አገሩን ያገለግላል።

ክቡራን መምህራኖቻችንን በመጨረሻ አንድ ነገር እለምናለሁ። የነርስነት የሥነ ምግባር ትምህርታችን ላይ የጄኔቫ ስምምነቶችና የማንዴላ ሕግጋት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይሰጣቸው። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ምግባር ደንቡን ካሻሻለ ጀምሮ የነርስ የመጀመሪያ ኃላፊነት ነርስ ለሚያስፈልገው ሰው መሆኑ ይነገረናል። በሰላም ክፍል ውስጥ ይህን መናገር ቀላል ነው። ከኛ መካከል ጥቂቶቻችን ግን በቅርቡ አለቃ ቆሞ በሚያይበት ድንኳን ውስጥ እንናገረው ይሆናል። ያን ጊዜ ቃሉን በፍርሃት እንዳንረሳው አሁን በደንብ አስተምሩን።

 ጥያቄም ተቃውሞም ያለው ጓደኛ አሁኑኑ እጁን ያውጣ።