ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው ቁጥር

ዛሬ የምናወራው ያለ ኮምፒውተር ራሱን ችሎ ስለሚሠራ ባለ ብዙ ትራክ መቅጃ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ መቅዳት የፈለገ ሰው ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፤ 8 ትራክ፣ 24 ትራክ፣ 32 ትራክ። እኔ ግን ሻጩን ሌላ ነገር ጠይቁት እላለሁ። በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ይቀዳል?

ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ታስካም ዲፒ-008ኢኤክስ የተባለው መቅጃ ስምንት ትራክ አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ግን ሁለት ብቻ ነው። የቀረውን እየደረባችሁ ትሞላላችሁ። የዚያው ድርጅት ዲፒ-24ኤስዲ ደግሞ ስምንት ድምፅ አንድ ላይ ይቀበላል።

እየደረቡ መሥራት የሚናቅ ዘዴ አይደለም። በፈረንጆቹ 1979 የወጣው ፖርታስቱዲዮ 144 የተባለ መቅጃ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ ብቻ ነበረው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 ያወጣውን «ኔብራስካ» የተባለ አልበም የቀዳው ኒው ጀርሲ ውስጥ በተከራየው ቤት፣ በዚሁ ማሽን ነው። ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። ስቱዲዮ ገብተው ሲሞክሩት የቤቱን ስሜት አላገኙትም፤ ካሴቱ ራሱ አልበም ሆኖ ወጣ።

መደረብ የሚመቸው ግን ምቱ ቁርጥ ላለ ሙዚቃ ነው። ሜትሮኖሙን በሄድፎን እየሰማችሁ መጀመሪያ ከበሮ፣ ቀጥሎ ቤዝ፣ ከዚያ ጊታር። ትዝታ በማሲንቆ ሲሆንስ? ዘፋኙ ድምፁን ይጎትታል፣ ማሲንቆው ይጠብቀዋል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ይመልስለታል። ይህን ለነገ አሳድሮ መደረብ ልፋት ብቻ ነው፤ አብረው መቀዳት አለባቸው። ለአንድ አዝማሪ ሁለት ግቤት ይበቃል፤ አንዱ ማይክ ወደ አፉ፣ ሌላው ወደ ማሲንቆው ቆዳ። ማሲንቆው በድምፁ ትራክ ላይም መሰማቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የተሳተችን አንዲት ቃል ብቻ ቆርጦ መቀየር ያስቸግራል። ከበሮና ተቀባዮች ከተጨመሩ ግን ከአራት ግቤት በታች ያለው አትግዙ።

ቀጥሎ መሰኪያዎቹን እዩ። ኮንደንሰር ማይክ ካላችሁ መቅጃው በገመዱ ወደ ማይኩ የሚልከው 48 ቮልት ኃይል፣ ፋንተም ፓወር የሚባለው፣ የግድ ነው፤ የሌለው መቅጃ ማይኩን ድምፅ አልባ ያደርገዋል። ኤሌክትሪክ ክራር ወይም ጊታር በቀጥታ የምትሰኩ ከሆነ ግቤቱን ወደ ጊታር የሚቀይር ማብሪያ ይኑረው። ያለዚያ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ጥራቱም ይሞታል። ጌኑን፣ ማለትም ወደ መቅጃው የሚገባውን የድምፅ መጠን፣ ስታስተካክሉ ለስለስ ያለውን ክፍል ሳይሆን ዘፈኑ ጣራ የሚነካበትን ቦታ አስዘፍኑና መለኪያው -12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም አድርጉ። ቀይ መብራት ያበራ ዲጂታል ቅጂ በኋላ ቢቀንሱትም አይድንም።

ቅጂው ስለሚቀመጥበት ሚሞሪ ካርድ አትጨነቁ። በሲዲ ጥራት አንድ ትራክ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ነው የሚይዘው።

የመብራት ነገር ግን ያሳስባል። ዲፒ-008ኢኤክስም ሆነ ዙም አር8 የተባለው ሌላ መቅጃ በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ እንደ ዲፒ-24ኤስዲ ያሉ ትልልቆቹ ግን አዳፕተር ብቻ ነው የሚያውቁት። ቅጂው መሐል መብራት ከሄደ የተዘፈነው ሊጠፋ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው እኔ ትንሹን እመርጥለታለሁ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ማይክና ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። በእያንዳንዱ ግቤት ቅዱበት፣ የድምፅ መጠን የሚቀይሩትን ፌደሮች ከታች እስከ ላይ እያንሸራተታችሁ አዳምጡ። የሚንኮሻኮሽ ካለ ዋጋ አስቀንሱ፤ ሻጩ ትራኮቹን ለየብቻ ወደ ኮምፒውተር አውጥቶ ካላሳያችሁ ደግሞ ተዉት።